በነፋስ እየተንሳፈፉ ትልቅ አምባዛ ማጥመድ

ለጣና ሐይቅ ዙሪያ ግንባር ቀደም አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ

መግቢያ

በጣና ዙሪያ የሚኖር አርሶ አደር መኸሩን ሰብስቦ ካስገባ በኋላ እስከ ክረምት መግቢያ ድረስ ትንሽ ፋታ ያገኛል። በመስኖ የሚያለማው እንኳን በሳምንት አንድ ሁለት ማለዳ አያጣም። ዐቢይ ጾም የሚውለውና የዓሣ ገበያ የሚደምቀውም በዚሁ ወቅት ነው። ነገር ግን በብዙ ቀበሌዎች አምባዛ በብዛት የሚወጣው በዚህ ጊዜ ሳይሆን በክረምቱ መግቢያ፣ ዓሣው እንቁላሉን ተሸክሞ ወደ ወንዞችና ጎርፍ ወደተኛባቸው ሜዳዎች ሲወጣ ነው። ያን ጊዜ መያዙ ቀላል ነው፤ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ጀርባው ይታያል፣ መረብ በወንዙ አፍ ላይ መዘርጋት ብቻ ይበቃል። ሆኖም አንዲት ትልቅ እንስት አምባዛ በአንድ ወቅት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። እሷን ከወንዝ አፍ ላይ ማውጣት ለዘር ያስቀመጡትን እህል ወፍጮ ቤት እንደ መላክ ነው።

ይህ ትምህርት አምባዛን ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት፣ ከመራቢያ ቦታው ርቆ በሐይቁ ውስጥ ሳለ፣ በመንጠቆ እንዴት መያዝ እንደሚቻል ያሳያል። ጀልባዋን የሚወስዳት ነፋስ ስለሆነ ነዳጅ አይፈልግም፤ ውድ መረብም አያስፈልገውም። የሚፈልገው ነፋሱን ማወቅና ጀልባዋን ማዘግየት ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የእነዚህ የሁለቱ ዝርዝር ነው ማለት ይቻላል።

የዓሣው ጠባይ

አምባዛ ቅርፊት የለውም፤ በአፉ ዙሪያ ስምንት ረጃጅም ጢሞች አሉት። የጣና ውኃ ብዙ ጊዜ ድፍርስ ስለሆነ ምግቡን የሚያገኘው ከዓይኑ ይልቅ በጢሞቹና በማሽተት ነው። ያገኘውን ይበላል፤ ትናንሽ ዓሣ፣ ትል፣ ነፍሳት፣ የሞተ ነገር ሁሉ ምግቡ ነው። ወለሉ ጭቃ የሆነ ስፍራ፣ የደንገል ዳርቻና ወንዝ ወደ ሐይቅ የሚገባበት አካባቢ ይስማማዋል።

በደንብ ልብ ልትሉት የሚገባው የሚመገብበት ሰዓት ነው። አምባዛ ሲመሽና ሌሊት ተነሥቶ ምግብ ፍለጋ ይዞራል፤ ቀን አብዛኛውን ጊዜ ከወለሉ ተጠግቶ ያርፋል። ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ ተተክሎ የሚያድር መንጠቆ ለሌሊት ይሠራል፤ ዓሣው ራሱ እየዞረ ይደርስበታልና። ቀን ግን የተተከለ መንጠቆ ባለበት ይውላል፣ ዓሣውም ባለበት ይውላል፤ ሳይገናኙ ይመሻል። በነፋስ የምትንሳፈፍ ጀልባ ይህን ትገለብጠዋለች። ምግቡን ይዛ በተኛው ዓሣ አፍንጫ ሥር ታልፋለች። ያረፈ ዓሣም ቢሆን ሽታው ፊቱ ሲያልፍ ዝም አይልም። ሌሊት ሐይቅ ላይ ሳያድሩ በቀን ብርሃን መሥራት የሚቻለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ነፋሱን ማወቅ

ጣና ሰፊ ነው፤ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ጥልቀቱ ግን እጅግ በጠለቀው ስፍራ እንኳን ከ15 ሜትር አይበልጥም። እንዲህ ያለ ሰፊና ገበታ ውኃ ነፋስ ሲነሣበት ቶሎ ይቆጣል፤ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ስለሚሆን ትንሽ ጀልባን በቀላሉ ይገለብጣል። በነፋስ ስትንሳፈፉ ደግሞ ነፋሱን እያመናችሁት ነው። ስለዚህ መንጠቆ ከመግዛታችሁ በፊት ለአንድ ሳምንት ያህል ነፋሱን አጥኑት።

በትልልቅ ሐይቆች ዳር አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ሥርዓት ይህ ነው። ሌሊት የብሱ ከውኃው ቀድሞ ስለሚቀዘቅዝ ነፋሱ ከየብስ ወደ ሐይቅ ቀስ ብሎ ይነፍሳል። ፀሐይ ከወጣችና የብሱን ካሞቀች በኋላ አቅጣጫው ይዞርና ከሐይቅ ወደ የብስ ይነፍሳል፤ ከሰዓት በኋላም ይበረታል። በመካከሉ ጸጥ የሚልበት ጊዜ አለ። ይህ ግን እንደየቦታው ይለያያል፤ ተራራ፣ ደሴት፣ የወንዝ ሸለቆ ያጣምሙታል። ስለዚህ በየጊዜው የማዕድ ቤታችሁን ጭስ እዩ። በ12 ሰዓት፣ በ2፣ በ4፣ በ6 ሰዓት ወዴት እንዳዘነበለ በደብተራችሁ ላይ አስፍሩ። በሰባት ቀን ውስጥ የመንደራችሁን ነፋስ ሥርዓት ታገኙታላችሁ።

ከዚያ በኋላ ሥራው እንዲህ ይያዛል። በማለዳ፣ ነፋሱ ከኋላችሁ ሆኖ ወይም ጸጥ ባለ ጊዜ፣ እየቀዘፋችሁ ወደ ውስጥ ትገባላችሁ። መንጠቆ የምትጥሉት ነፋሱ ዞሮ ፊቱን ወደ መንደራችሁ ባደረገ ጊዜ ነው። እየተንሳፈፋችሁ ወደ ቤታችሁ ትቀርባላችሁ ማለት ነው። በተቃራኒው፣ በማለዳው ነፋስ ወደ ሐይቁ መሐል እየተንሳፈፉ ማጥመድ ይቻላል፤ ዓሣም ይያዛል። ነገር ግን ስትደክሙ ከቤታችሁ ርቃችሁ ነው፣ ነፋሱም ካልዞረላችሁ ፊት ለፊት ልትቀዝፉት ነው። በዚህ መንገድ መሥራት ግድ ከሆነ ከዳር 300 ሜትር ያህል ከሄዳችሁ በኋላ አቁማችሁ ተመለሱና እንደገና ጀምሩ። እኛ ግን የመጀመሪያውን እንመርጣለን፤ ጀማሪ ደግሞ ሁለተኛውን ጨርሶ ባይሞክረው ይሻላል።

የማዕበሉ ጫፍ ነጭ አረፋ ማውጣት ሲጀምር ሥራው አብቅቷል። የጀመራችሁት መስመር ባያልቅም፣ ዓሣ እየነካ ቢሆንም፣ መንጠቆውን ሰብስባችሁ ወደ ዳር ውጡ።

ስለ ጀልባው ደግሞ ይህን እንበል። ነገደ ወይጦ በእጃቸው የሚያበጁት የደንገል ታንኳ ቀላልና ከውኃው በላይ ከፍ ብሎ የሚሄድ በመሆኑ ነፋስ በቀላሉ ያንቀሳቅሰዋል። ለዚህ ሥራ ይመቻል። ሁለት ጠባዮቹን ግን አትርሱ፤ ደንገሉ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፣ ጠባብ በመሆኑም ማዕበል በጎኑ ሲመታው ይንከባለላል። ስለዚህ በደረቀ ታንኳ ውጡ፣ ከተመለሳችሁም ከውኃ አውጥታችሁ አድርቁት። የእንጨት ወይም የፋይበር ጀልባ ያላችሁ ሰፋ ያለ ስለሆነ በጎኑ ልትንሳፈፉበት ትችላላችሁ።

ብቻችሁን አትውጡ። ሁለት ታንኳ እየተያየ ቢሄድ መልካም ነው። ወዴት እንደምትሄዱና በስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ለቤተሰብ ተናገሩ። የሕይወት አድን ጃኬት ልበሱ፤ እስክታገኙ ድረስ ለእያንዳንዱ ሰው ክዳኑ በደንብ የተዘጋ ባዶ የ20 ሊትር ጀሪካን በገመድ ታስሮ አጠገቡ ይኑር። ጎህ ሲቀድ በደንገል ዳርና በወንዝ አፍ ጉማሬ ሊኖር ይችላልና ዙሩት። እምቦጭ ባለበት አካባቢ ደግሞ እናንተን የሚነዳው ነፋስ አረሙንም እንደሚነዳው አስቡ። ምንጣፉ በእናንተና በመውጫችሁ መካከል ከተጠራቀመ ታንኳ ሰንጥቆት አያልፍም፤ ስለዚህ ሌላ መውጫ አስቀድማችሁ እወቁ።

ጀልባዋን ማዘግየት፤ የውኃ ፍሬን

አምባዛ ምግቡን እያሳደደ የሚይዝ ዓሣ አይደለም። ጀልባዋ ከፈጠነች መንጠቆው ከወለሉ ይነሣል፣ ሽታውም ሳይሰማ ያልፋል። ብዙ ሰው ሞክሮ «በዚህ መንገድ ዓሣ የለም» ብሎ የሚተወው በዚህ ምክንያት ይመስለናል።

ፍጥነቷን ለመለካት 10 ሜትር ሲባጎ በግማሽ ውኃ በተሞላ የሃይላንድ ጠርሙስ ላይ እሰሩ። ጠርሙሱን ውኃ ላይ ጥላችሁ ሲባጎው እስኪወጠር ድረስ በሰከንድ ልክ ቁጠሩ። ከ20 እስከ 40 ባለው መካከል ከተወጠረ ፍጥነቱ ተስማሚ ነው። 20 ሳይሞላ ከተወጠረ ፈጥናለች፤ ማዘግየት ያስፈልጋል። ከ40 በላይ ከሄደ ነፋሱ ገና ነው፤ ትንሽ ቀዝፉ ወይም ጠብቁ።

ማዘግየቻው በውኃ ውስጥ እንደ ፍሬን የሚይዝ ጆንያ ነው። አንድ ባዶ የ50 ኪሎ ማዳበሪያ ጆንያ ከሐይቁ ርቃችሁ በደንብ እጠቡ። አፉ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ በወፍራም ሽቦ ክብ ሠርታችሁ ዙሪያውን ስፉት። በክቡ ላይ አራት እኩል ገመዶች አስራችሁ ጫፋቸውን አንድ ላይ ቋጥሩ፤ ከቋጠሮውም 4 ሜትር ያህል ጠንካራ ገመድ ይቀጥል። የጆንያው ታች ላይ ጭብጥ እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ ክፈቱ። ቀዳዳው ከሌለ ውኃ መውጫ ስለሚያጣ ጆንያው ይሽከረከራል፣ ገመዱንም ይጠመዝዛል። ከክቡ በአንዱ በኩል ትንሽ ድንጋይ፣ በተቃራኒው በኩል ባዶ ሃይላንድ እሰሩ፤ ይህ ጆንያው እንዳይሰምጥም እንዳይወጣም ያደርገዋል። በመጨረሻም ከጆንያው ታች አንድ ቀጭን ገመድ ወደ ጀልባዋ ይምጣ። ማውጣት ስትፈልጉ ይህን ቀጭን ገመድ ስትስቡ ጆንያው ይገለበጣል፣ ውኃውም ይፈስሳል። በአፉ በኩል ለመጎተት ብትሞክሩ ግን በሬ እንደ መጎተት ነው።

የሚታሰርበት ቦታ ወሳኝ ነው። ፍሬኑም የመንጠቆ ክሩም ሁልጊዜ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ይወርዳሉ። ጀልባዋ ከክሩ እየራቀች ትሄዳለች እንጂ በላዩ አታልፍም። በታንኳ ከሆነ ፍሬኑን በአንደኛው ጫፍ ላይ እሰሩ፤ ያ ጫፍ ወደ ነፋሱ ይዞርና ማዕበሉን በሹሉ ይቀበላል። በጎኑ ላይ አትሰሩ። በሰፊ ጀልባ ግን በጎኗ መሐል ላይ ቢታሰር ጀልባዋ በጎኗ ትንሳፈፋለች፣ ሦስት አራት ክር ተራርቆ ለማውረድም ይመቻል። ለትልቅ ጀልባ ሁለት ጆንያ ያስፈልጋል።

አንድ ማሳሰቢያ፤ ዓሣ ያረፈበት ጆንያ ማዳበሪያ የነበረበት መሆን የለበትም። ለዓሣው የእህል ጆንያ ለዩ።

መንጠቆ፣ ክርና ምግብ

ክሩ ከ0.8 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ናይለን ይሁን። ከ60 እስከ 100 ግራም የሚመዝን ማስመጫ በክሩ ላይ ወዲያ ወዲህ እንዲንሸራተት ሆኖ ይገባል። ከእሱ በታች ቋጠሮ ወይም መሽከርከሪያ ቀለበት፣ ከዚያ ግማሽ ሜትር ያህል ክር፣ በጫፉ መንጠቆው። እርሳስ ካጣችሁ ከአሮጌ የብስክሌት የውስጥ ጎማ አንድ ስንዝር ቆርጣችሁ ጠጠር ሙሉበትና ሁለቱን ጫፍ እሰሩ። ወለሉ ላይ ሲጎተት በሣርና በድንጋይ መካከል እየተጣጠፈ ስለሚያልፍ ከእርሳስ ይልቅ አይያዝም።

ከመንጠቆው አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ የአውራ ጣት የሚያህል ተንሳፋፊ አስገቡ፤ ከአሮጌ ሲሊፐር ጫማ ተቆርጦ ሊሠራ ይችላል። ማስመጫው ጭቃውን እየነካ ሲሄድ ተንሳፋፊው ምግቡን ከጭቃው ከፍ አድርጎ ይይዘዋል። ይህች ትንሽ ነገር ከሌለች ምግቡ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ይጎተታል።

መንጠቆ ስትገዙ ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈውን ክብ ዓይነት ብታገኙ ምረጡት። ዓሣው ቢውጠውም ሲወጠር ተንሸራትቶ የአፉን ጥግ ስለሚይዝ ጉሮሮውን አይቀድም። መለቀቅ ያለበትን ዓሣ ሳይጎዱ ለመልቀቅ ይህ ይጠቅማል።

ለምግብነት ከነቆዳው የተቆረጠ የዓሣ ሥጋ፣ የከብት ወይም የበግ ሆድ ዕቃና ጉበት፣ ወፋፍራም የምድር ትል ይሆናሉ። የዓሣ ሥጋ ከሆነ ሁለት ጣት በሚያህል መጠን ቁረጡና ጫፉን አንድ ጊዜ ብቻ ውጉት። የመንጠቆው ሹል ጫፍ ገላጣ ሆኖ ይቅር። ተጠቅልሎ የተሰካ ሥጋ በውኃ ውስጥ ይሽከረከራል። ደምና ሽታው በግማሽ ሰዓት ገደማ ታጥቦ ስለሚያልቅ በየጊዜው ለውጡት። ያላለቀውን ሥጋ መቆጠብ ትርፍ አይደለም።

ቦታ መምረጥና መንሳፈፍ

የውኃውን ጥልቀት በየሜትሩ በተቋጠረ ገመድና በድንጋይ ለኩ። ከድንጋዩ ሥር እርጥብ ሳሙና ለጥፉበት፤ ሲወጣ ጭቃ ወይም አሸዋ ይዞ ስለሚመጣ ወለሉ ምን እንደሆነ ይነግራችኋል። ጭቃ የያዘባቸውን ቦታዎች፣ በተለይ ጥልቀቱ ድንገት የሚቀየርበትን አስታውሱ። ውኃ ላይ ምልክት መትከል ስለማይቻል ምልክቱን በየብስ ፈልጉ። አንድ የቤተ ክርስቲያን ደን ከበስተጀርባው ካለ ኮረብታ ጋር በአንድ መስመር ሲገጥም፣ በሌላ አቅጣጫም አንድ ትልቅ ዋርካ ከአንድ ቆርቆሮ ቤት ጋር ሲገጥም፣ የሁለቱ መስመር መገናኛ ቦታችሁ ነው።

መንጠቆውን አውርዱና ማስመጫው ወለል ሲነካ ክሩን ጨምሩ፤ በጠቅላላው የጥልቀቱን ሁለት እጥፍ ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ይሁን። ጥልቀቱ 6 ሜትር ከሆነ ከ12 እስከ 15 ሜትር ማለት ነው። ክሩን በጣታችሁ ስትይዙ ማስመጫው ወለሉን ቆንጠጥ ቆንጠጥ ሲያደርግ ሊሰማችሁ ይገባል። ካልተሰማችሁ ጀልባዋ ፈጥናለች ወይም ማስመጫው ቀሏል። በታንኳ ላይ ከሁለት ክር በላይ አታውርዱ። አንድ መስመር ጨርሳችሁ ምንም ካልነካ በሚቀጥለው 30 ወይም 40 ሜትር ወደ ጎን ፈቀቅ ብላችሁ ጀምሩ። አንድ ከያዛችሁ ግን በዚያው መስመር ድገሙት።

የሰው መረብ ባለበት አትንሳፈፉ። የተንሳፋፊዎቹን ረድፍ ከሩቅ እዩ፤ ከባለመረቦቹም ጋር በየትኛው ቀን በየት በኩል እንደምትሠሩ ተነጋገሩ። የተቀደደ መረብ ጎረቤትን ያጣላል።

ዓሣው ሲይዝ

ክሩን በእጃችሁ ላይ በፍጹም አትጠምጥሙ። ከአንድ ሜትር የሚበልጥ አምባዛ አለ፤ ሲፈተለክ ጣት ይቆርጣል፣ ሰውም ከታንኳ ይጥላል። ክሩ በእንጨት ላይ ተጠቅልሎ ይቀመጥ፣ ከጀልባዋ ጋርም በአንድ ክንድ የጎማ ላስቲክ ይታሰር። ላስቲኩ የመጀመሪያውን ጉተታ ይቀበላል። ትንሽ ቃጭል ቢንጠለጠልበት ዓይናችሁ ሌላ ቦታ ቢሆንም ትሰማላችሁ።

አምባዛ መጀመሪያ ይነካካል፤ ያን ጊዜ አትንኩት። ቀጥሎ ክሩ እየከበደ ይዘነበላል። በክብ መንጠቆ ከሆነ መንጭቃችሁ አትሳቡ፣ ጀልባዋ እየራቀች ስትሄድ ራሷ መንጠቆውን ታስገባዋለች። ላስቲኩ በደንብ ሲወጠር ክሩን ይዛችሁ በእርጋታ ሳቡ፤ ሲጎትት ልቀቁለት፣ ሲያርፍ ሰብስቡ። ጓደኛችሁ ሌላውን ክርና ፍሬኑን ያውጣ። ክሩ የያዘው ግንድ ወይም ድንጋይ ከሆነና ጀልባዋን ካዘነበላት ግን ወዲያው ቁረጡት። ስለዚህ ቢላ ሁልጊዜ እጃችሁ በሚደርስበት ቦታ ይሁን።

አምባዛ ከጉንጩ በኋላ በግራና በቀኝ ክንፉ ላይ መጋዝ መሰል ጠንካራ እሾህ አለው። በጭንቅላቱ ጀርባ በኩል፣ ከእሾሁ ኋላ፣ በእርጥብ ጨርቅ ያዙት። አየር መሳብ ስለሚችል በእርጥብ ጆንያ ውስጥ በጥላ ከቆየ ለሰዓታት በሕይወት ይኖራል። በረዶ ለሌለው አርሶ አደር ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ከነሕይወቱ ገበያ ከደረሰ ዋጋ ይይዛል። ቅርፊት ስለሌለው አምባዛ የማይበላ ገዥ እንዳለም የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት ከምግብ ቤቶችና ከነጋዴ ጋር ተነጋገሩ። ሆድ ዕቃው ውስጥ ትል ሊገኝ ስለሚችል ቶሎ አውጥታችሁ ቅበሩት፤ ሥጋውን በደንብ አብስሉ እንጂ ጥሬውን አትብሉ።

የሚለቀቀውና የሚመዘገበው

ከግንቦት ጀምሮ ሆዷ የተነፋ እንስት ብትይዙ ልቀቋት። ወንዱ ከፊንጢጣው ኋላ ሾጠጥ ብሎ የወጣ ትንሽ ሥጋ አለው፤ እንስቷ የላትም። ዝናቡ ጠንክሮ እንቁላሏን በጎርፍ በተሸፈነው ሣር ላይ እስክትጥል ድረስ መንጠቆውን ስቀሉት። በዚህ ጊዜ ወንዝ ላይ መረብ የሚዘረጋና በብርብራ ዓሣ የሚያደነዝዝ ሰው ሲያጋጥም ዝም አትበሉ፤ በመርዝና በፈንጂ ማስገር በሕግ የተከለከለ ነው። የማስገር ፈቃዳችሁንም በየወረዳችሁ ግብርና ጽሕፈት ቤት በኩል አረጋግጡ።

ግንባር ቀደም እንደመሆናችሁ መጠን ጎረቤት የሚያምነው የእናንተን ቁጥር ነው። ለስድስት የሥራ ቀናት ያህል ሞክሩና በእያንዳንዱ ቀን የወጣችሁበትንና የተመለሳችሁበትን ሰዓት፣ የነፋሱን አቅጣጫ፣ የጥልቀቱን መጠን፣ የምግቡን ዓይነት፣ የተያዘውን ዓሣ ቁጥርና ኪሎ፣ የለቀቃችሁትንም ጭምር ጻፉ። ባዶ እጃችሁን የተመለሳችሁበት ቀን ከመዝገቡ አይውጣ። መረብ ያለው ጎረቤታችሁም በዚያው ሳምንት የያዘውን በዚሁ መልክ ቢያስመዘግብ ማነጻጸር ይቻላል፤ በአንድ ሰዓት ስንት ኪሎ፣ ለምግብና ለመሣሪያ ስንት ብር እንደወጣ፣ የአንዱ ዓሣ አማካይ ክብደት ስንት እንደሆነ። ደብተሩን ለቀጣዩ የሥልጠና ቀን ወደ አርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከል ይዛችሁ ኑ፤ የሠራችሁትን የውኃ ፍሬንም አምጡት።